ከግንዱ ተለይቶ የሚያድግ ሥር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ባህል መድኃኒት ዕፅዋት መመናመን በጻፍንበት ገጽ ላይ፣ የአንዳንድ ተክሎች ሥር ያለ ግንድና ያለ ቅጠል በብልቃጥ ውስጥ ሊያድግ እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ብዙ ደብዳቤ አምጥታለች፤ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ድንገተኛ፣ ቀበርቾና ግዛዋ በገበያ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። በልጅነቴ ድንገተኛ የሚያመጡላት ሰዎች ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሱ ነበር። ዛሬ ሁለትና ሦስት ቀን ተጉዘው ነው የሚያገኙት፤ ሥሩም ከዓመት ዓመት እየቀጠነ መሄዱን ትናገራለች። ሥር ብቻውን በብልቃጥ ውስጥ ያድጋል ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ቅጠል የሌለው ሥር ምን በልቶ ይኖራል? ከዚያ የሚገኘው መድኃኒትስ ያው የምናውቀው መድኃኒት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናትዎ የሥሩን መቅጠን ማስተዋላቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀጠነ ሥር ማለት ዕድሜውን ሳይጠግብ የተነቀለ ተክል ማለት ነውና። ቅጠል የሚሸመጥጥ ሰው ተክሉን አቁስሎ ይተወዋል፤ ሥር የሚቆፍር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድለዋል። ድንገተኛ ከአተር ወገን የሆነ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ ቁጥቋጦ ስለሆነ ከዚህ ሲጠፋ ከምድር ጠፋ ማለት ነው። ቀበርቾም እንዲሁ የዚህች አገር ብቻ ተክል ነው። ስለ ብልቃጡ ሥር መነጋገር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአፈር ውስጥ አግሮባክቴሪየም ራይዞጂንስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ተክል ሲቆስል ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያሉ የፌኖል ውህዶች ይህን ባክቴሪያ ይቀሰቅሱታል፤ እርሱም ወደ ቁስሉ ተጠግቶ፣ ፕላዝሚድ ከሚባለው ክብ ዲኤንኤው ላይ የአንድ ቁራጭ ቅጂ ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባል። ቁራጩ ከተክሉ ክሮሞዞም ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። በላዩ ላይ «ሮል» የተባሉ ዘረመሎች አሉ። እነዚህ ዘረመሎች፣ ከሁሉም በላይ ሮል ቢ የሚባለው፣ ሕዋሱ ኦክሲን ለተባለው የዕድገት ሆርሞን የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚለውጡት፣ ከቁስሉ ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ፀጉር መሰል ሥር ይወጣል። ባክቴሪያው ይህን የሚያደርገው በከንቱ አይደለም፤ አብረው የገቡ ሌሎች ዘረመሎች ተክሉን ኦፓይን የሚባሉ ውህዶች ያስመርቱታል፤ ኦፓይን ደግሞ በዋናነት የባክቴሪያው የራሱ ቀለብ ነው። በሌላ ሰው ማሳ ገብቶ ለራሱ የሚሆነውን እህል እንደ መዝራት ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ የፖም ችግኝ አፍይዎች ዘንድ ነገሩ «የፀጉራም ሥር በሽታ» እየተባለ በመጥፎነቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ አምጪው ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1930 በጽሑፍ ተገልጿል። የባክቴሪያው ዲኤንኤ በእርግጥ ወደ ተክሉ ክሮሞዞም ገብቶ እንደሚቀመጥ የታወቀው ግን በ1982 ነው። ተመራማሪዎች በሽታውን ወደ መሣሪያነት የለወጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

በቤተ ሙከራ ዘሩ በአልኮልና በበረኪና ታጥቦ፣ ከማናቸውም ጀርም በጸዳ ዕቃ ውስጥ ይበቅላል። የበቀለው ለጋ ቅጠል ወይም ግንድ ባክቴሪያ በነካው መርፌ ይወጋል። ሁለት ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ሴፎታክሲም የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ወዳለበት ምግብ ይዛወራል፤ ባክቴሪያው ሥራውን ስለ ጨረሰ ከዚህ በኋላ መወገድ አለበት። እንደ ተክሉ ዓይነት ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከቁስሉ ላይ ሥር ብቅ ይላል። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በተማሪነቴ፣ ለሰላጣ በምንቀቅለው ቀይ ሥር ላይ ነበር። በቅጠሉ አንገት ላይ በመርፌ የወጋሁት ቦታ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ አበጠ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከእብጠቱ ላይ እንደ ጥልፍ ክር የቀጠነ ደማቅ ቀይ ሥር ወጣ። ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ ፈሳሽ ምግብ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩትና በጨለማ ክፍል በቀስታ በሚወዘውዝ መሣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ሳወጣው ሥሩ ዕቃውን ሞልቶት ነበር፤ በመቆንጠጫ አንዱን ጫፍ ስስበው ሁሉም እንደ ተቋጨ ፈትል ተያይዞ ተነሣ። ቅጠል የለውም፣ ግንድ የለውም፤ ያ ሁሉ ቀይ ቀለም ግን ማንም ሳይጨምርበት ሥሩ ራሱ የሠራው ነበር።

ምን በልቶ ይኖራል ላሉት፣ ቅጠል ለሥር የሚያበረክተው ዋነኛ ነገር ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ነው። ቅጠሉ በሌለበት ስኳሩን እኛ እንሰጠዋለን፤ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ውኃ 30 ግራም ስኳር ተጨምሮበት፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ብረትና ሌሎች ማዕድናት ከጥቂት ቫይታሚን ጋር ይታከሉበታል። ተራ ሥር ቆርጠን በዚሁ ምግብ ውስጥ ብናስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ሆርሞን ካልተጨመረለት በደንብ አያድግም። ፀጉራሙ ሥር ግን ሆርሞን ሳይሻ፣ ለዓመታት ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እየተዛወረ ይኖራል። ከአንድ ቁስል የወጡ ሁለት ሥሮች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የባክቴሪያው ዲኤንኤ በእያንዳንዱ ውስጥ የገባበት ቦታና የቅጂው ብዛት ስለሚለያይ አንዱ በፍጥነት ያድጋል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ብዙ መድኃኒት ያመርታል፣ ሌላው ምንም ላያመርት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከባዱ ሥሩን ማብቀል ሳይሆን ከብዙዎች መካከል መምረጥ ነው።

የጥያቄዎ ዋና ነጥብ የሆነው የመድኃኒቱ ነገር ነው። መልሱ የሚወሰነው መድኃኒቱ በተክሉ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚሠራ ነው፤ የሚሠራበት ቦታና የሚከማችበት ቦታ ደግሞ አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ከአስተናግር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አስተናግርን በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው እናውቀዋለን፤ በአብነት ትምህርት ቤት ስለ አብሾ ሲወራም ስሙ አብሮ ይነሣል፤ መርዛማ ስለሆነም ልጆችን ከእርሱ መጠበቅ ያስፈልጋል። መርዙ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ አልካሎይዶች ናቸው፤ በቅጠሉም በዘሩም ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የቲማቲም ግንድ ቆርጠው በአስተናግር ሥር ላይ ሲገጥሙት ቲማቲሙ ራሱ መርዛማ ይሆናል፤ እንዲህ ካለው ቲማቲም በልተው የታመሙ ሰዎችም አሉ። አስተናግርን በቲማቲም ሥር ላይ ሲገጥሙት ደግሞ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል መርዙ እጅግ ያነሰ ይሆናል። መርዙን የሚሠራው ሥሩ ነው፤ ቅጠሉ ከሥር የመጣለትን ያከማቻል እንጂ። ስለዚህ የአስተናግርም ሆነ የዘመዶቹ ፀጉራም ሥር ያለ ቅጠል ሙሉውን አልካሎይድ ያመርታል፤ ውህዱም በኬሚካላዊ ይዘቱ በእርሻ ከበቀለው ተክል ከሚገኘው አንዳች አይለይም። እነዚህ ውህዶች በመጠናቸው ሲሰጡ ትልቅ መድኃኒት ናቸው። ከሃዮሳያሚን የሚገኘው አትሮፒን በፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘ ገበሬ ሆስፒታል ሲደርስ የሚሰጠው ነው፤ ስኮፖላሚን ደግሞ በጉዞ ለሚያጥወለውለው ሰው ከጆሮ ጀርባ በሚለጠፍ መልክ ይቀርባል።

ተመራማሪዎች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ሃዮሳያሚንን ወደ ስኮፖላሚን የሚለውጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ የኢንዛይሙን ዘረመል ከባክቴሪያው ቁራጭ ጋር አብሮ ማስገባት ይቻላል። በቻይና የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ውጤት፣ የዚህን ኢንዛይምና ውህዱ ደረጃ በደረጃ በሚሠራበት ሰንሰለት መጀመሪያ ያለውን የሌላ ኢንዛይም ዘረመል በአንድነት የተሸከመ፣ የአስተናግር ዘመድ የሆነው የሃዮሳያመስ ሥር በሊትር 411 ሚሊ ግራም ስኮፖላሚን አስገኝቷል፤ ዘረመሎቹ ያልተጨመሩበት ሥር ከሰጠው ከ9 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሰው የመደባቸውን ዘረመሎች የጨመረበት ሥራ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በባክቴሪያው ብቻ ከበቀለው ሥር ጋር አንድ አድርገን መመልከት የለብንም።

ወደ ድንገተኛ ስንመለስ፣ ከሥሩ ተለይተው ከታወቁት ውህዶች አንዱ ሜዲካርፒን ይባላል። የአተር ወገን ተክሎች ሜዲካርፒንን የሚያመርቱት ሻጋታ ሲያጠቃቸው ራሳቸውን ለመከላከል ነው። በብልቃጥ ያለን ሥር ጥቃት የደረሰበት እንዲመስለው ለማድረግ የእርሾ ጭማቂ ወይም ሜቲል ጃስሞኔት የተባለውን የተክል ምልክት ጥቂት ጠብ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሥሩ መከላከያውን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ስለዚህ ድንገተኛ ለዚህ ዘዴ የሚመች ተክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥሩ ራሱ የሚፈለገው ክፍል ነው፣ ውህዶቹም የሚገኙት በሥሩ ነው፣ ተክሉም እየጠፋ ነው። ሦስቱ ነገሮች ባንድ ተክል ላይ ሲገናኙ የአገራችን ቤተ ሙከራዎች ቅድሚያ ሊሰጡት ይገባል። ያም ሆኖ እናትዎ የሚሸጡት አንድ ውህድ ሳይሆን ሰዎች ለድንገተኛ ሕመም አኝከው የሚውጡት ሙሉ ሥር ነው፤ በብልቃጥ ያደገው ቀጭን ሥር በገበያ መደብ ላይ የእርሱን ቦታ አይወስድም። ለገበያው የሚያስፈልገው ዘሩን ሰብስቦ በጓሮና በተከለለ መሬት ማልማት ነው፤ ብልቃጡ የሚጠቅመው ለፋብሪካና ለምርምር የሚፈለገው ብዛት ከዱር እንዳይቆፈር ነው።

ጥያቄ፦ ዘዴው ይህን ያህል መልካም ከሆነ ለምን በየፋርማሲው የምናገኘው መድኃኒት በዚህ መንገድ አልተሠራም? (ከአዳማ)

መልስ፦ በብልቃጥ ያማረ ነገር በትልቅ በርሜል ስለሚያስቸግር ነው። እርሾ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ ይንሳፈፋል፤ በማማሰያ ማዋሐድ፣ በቧንቧም መቅዳት ይቻላል። ሥር ግን ሲያድግ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ በመካከሉ ያለው ክፍል ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፤ እንዳይሞት በኃይል ቢያማስሉት ደግሞ ይቆራረጣል። መሐንዲሶች ከታች አየር የሚነፋባቸውና ምግቡ እንደ ጉም የሚረጭባቸው ዕቃዎች ሠርተዋል፤ ይሠራሉ፣ ነገር ግን ውድ ናቸው። የተክሉ እርሻ ርካሽ ከሆነ ብልቃጡ ይሸነፋል፤ ዛሬም ቢሆን የዓለም ስኮፖላሚን ምንጭ በዋናነት በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የሚለማው ዱቦይዚያ የተባለ ዛፍ ቅጠል ነው።

ጥያቄ፦ ይህ እኮ ልውጥ ሕያው ነው። የባክቴሪያ ዘረመል የገባበትን ነገር ሰው እንዲውጠው መምከር አያስፈራም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። በመጀመሪያ፣ ከዚህ ሥር መድኃኒት ሲወጣ ወደ ሰው የሚደርሰው የተጣራው ውህድ ነው፤ ዲኤንኤውና ሥሩ በማጣራቱ ሂደት ይቀራሉ። ሥሩም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚኖር፣ አበባና ዘር የሌለው ስለሆነ ብናኙ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚሄድበት መንገድ የለም። ይሁንና በሕግ ፊት ከቁጥጥር ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በአገራችን የልውጥ ሕያዋንን ጉዳይ የሚገዛው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚያስብ ተቋም በቅድሚያ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር አለበት።

ሁለተኛው ነገር በሐዋሳ አካባቢ ላለ ሰው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 291 የስኳር ድንች ዓይነቶችን መርምረው፣ በሁሉም ውስጥ የአግሮባክቴሪየም ዲኤንኤ አግኝተዋል። ይህን ያደረገ ቤተ ሙከራ የለም፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ባክቴሪያው ራሱ በተፈጥሮ ያስገባው ነው፤ ገበሬዎች ከዚያ ተክል መርጠው ያለሙትን ስኳር ድንች የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት ሲበላው ኖሯል። ይህ ሁሉንም ዓይነት የዘረመል ለውጥ ያለ ምርመራ ተቀበሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ምርት ለብቻው መመርመር አለበት፤ በተለይ እንደ አስተናግር ያለው ተክል ሲሆን የሚያስፈራው የባክቴሪያው ዘረመል ሳይሆን ሥሩ በተፈጥሮው የሚያመርተው መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በወባ እንሠቃያለን። የኮአርተምን ንጥረ ነገር የሚሰጠውን አርቴሚሲያ በዚሁ ዘዴ በብልቃጥ ማብዛት አንችልም? (ከመተማ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ዘዴው አይመችም። የኮአርተም አንዱ ንጥረ ነገር የሚሠራው ከአርቴሚሲኒን ነው፤ ተክሉ አርቴሚሲኒንን የሚሠራውና የሚያከማቸው በቅጠሉና በአበባው ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ነው። ሥሩ ዕጢዎቹ የሉትም፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ብልቃጥ ብንሞላ የሚረባ መጠን አናገኝም። እንዶድም እንዲሁ ነው፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጡት የእንዶድ ኃይል ያለው በፍሬው ውስጥ ነው። ለአርቴሚሲኒን ዓለም የሄደበት ሌላ መንገድ የተክሉን ዘረመሎች ወደ እርሾ አስገብቶ ቀዳሚውን ውህድ ማምረትና ቀሪውን በኬሚስትሪ መጨረስ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፤ የአርቴሚሲያን ቅጠል አፍልቶ በሻይ መልክ መጠጣት ለወባ ሕክምና በዓለም ጤና ድርጅት አይደገፍም፤ መጠኑ ስለማይታወቅ በሽታውን ሳያድን ተሕዋሱን መድኃኒት ሊያላምደው ይችላል።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ «አሽዋጋንዳ» እየተባለ በእንክብል የሚሸጠው የአገራችን ግዛዋ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ከብልቃጥ ሥር የተሠራስ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አዎ፣ ተክሉ አንድ ነው። እኛ ለቡዳ የምናጥነውን ሥር ሕንዶች በጥንታዊ ሕክምናቸው ለብርታት ይወስዱታል። በገበያ ያለው እንክብል በአብዛኛው በሕንድ እርሻዎች ከለማ ሥር የሚዘጋጅ ነው። በብልቃጥ የማሳደጉ ሥራ ግን በቤተ ሙከራ በሰፊው ተጠንቷል፤ የሕንድና የኮሪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት፣ የግዛዋ ፀጉራም ሥር ዊታኖላይድ ኤ የተባለውን ውህድ በተመሳሳይ ሁኔታ ካደገ ተራ ሥር 2.7 እጥፍ ያህል አብልጦ ሰጥቷል። ለእርስዎ ግን ከምንጩ ይልቅ ጥንቃቄው ይበልጥብኛል። ይህን እንክብል ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ዴንማርክም በ2023 ሽያጩን አግዳለች። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የጉበት ሕመም ካለብዎ ወይም የእንቅርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ ኩባንያ የድንገተኛን ዘር ወስዶ ሥሩን በብልቃጡ ቢያሳድግ እኛ ምን እናገኛለን? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ቡና ወይም ዕጣን የሚፈልግ ነጋዴ በየዓመቱ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። አንድ ጊዜ በብልቃጥ የተያዘ ሥር ግን ለዓመታት በራሱ የሚራባ ስለሆነ ወሳጁ ዳግመኛ የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም፤ አንዲት ዘር ብቻ በቂው ናት። ስለዚህ ስምምነቱ መፈረም ያለበት ዘሩ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ነው። ለዚህ ሕግ አለን፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይወስድ፣ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ሲጠቀምም የማኅበረሰቡን ቅድመ ስምምነት እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያጋራ ያስገድዳል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ወረቀቱ ብቻውን እንደማይበቃ ከጤፍ ተምረናል። ስለ ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ነገር ግን ጥቅሙ ሳይገኝ ቀርቶ፣ በኔዘርላንድ የተመዘገበው የጤፍ ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው በ2018 ነው። በጤፍ ጊዜ ቢያንስ ማሳው ለዓይን ይታይ ነበር። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጨለማ የሚወዘወዝ ብልቃጥ ግን ለማንም አይታይም። ስለዚህ በስምምነቱ ውስጥ ከዘሩና ከተክሉ በተጨማሪ «ከእርሱ የተገኘ ማናቸውም የሕዋስ ወይም የሥር ልማት» የሚል ቃል በግልጽ መስፈር አለበት፤ የእያንዳንዱ የሥር መስመር ናሙናም በአገር ውስጥ በሚገኝ ቤተ ሙከራ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይገባል። ሥሩን በሕይወት ለማቆየት የሚያስፈልገው ንጹሕ ክፍል፣ ስኳር፣ ማዕድናትና በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ጫፉን ቆርጦ ወደ አዲስ ብልቃጥ የሚያዛውር የሠለጠነ እጅ ነው።